የተተረተረው የአንገት ልብስ

የሀያምን የአንገት ልብስ የተረተርኩት እኔ ነኝ። ሀያም በሕይወት የለችም፤ ልብሱም ከእጇ የቀረ የመጨረሻ ሥራ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ። እነግራቸዋለሁ ብዬ ቁስቋም ማርያም ደጅ ድረስ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

ስሜ ይርጋለም ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሹራብ ፋብሪካ ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ እንከን መፈለግ ነበር። እያንዳንዱ ሹራብ በእጄ ያልፋል፤ ክር ያመለጠበት ወይም መስመሩ የተዛባ ከሆነ ተተርትሮ እንደ አዲስ ይሠራል። አለቆቼ ሳይቀሩ ይፈሩኝ ነበር። ጡረታ ስወጣ ታዲያ ዓይኔ አብሮኝ አልወጣም። ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ሰው ከሹራቡ ክር ተንጠልጥሎ ካየሁ እስክወርድ ድረስ ሰላም የለኝም።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነርስ ስብሐት ይህን ሰማና፣ "እማማ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት አዳራሻችን ይምጡ። ሐሳብ የበዛባቸው ሴቶች ሹራብ እየሠሩ ይጨዋወታሉ" አለኝ።

"መድኃኒት አለቀባችሁ እንዴ? ደግሞ ሐዘንን በክር ማከም ጀመራችሁ?" አልኩት።

እየተሳደብኩ ሄድኩ። ዳንኩ አልልም፤ ግን ከሐሙስ ሐሙስ የሚያደርሰኝ ነገር አገኘሁ። ሁላችንም ወደ ጭናችን ስለምናጎነብስ ማንም የማንንም ፊት አያይም። ለዚህ ይሆናል ቤታችን ያላወጣነውን እዚያ የምናወጣው።

ስንጨርስ ሥራችንን አንድ ትልቅ ዘንቢል ውስጥ እንከታለን፤ ዘንቢሉ እኔ ቤት ይከርማል። እኔም በሳምንቱ መሀል እየመዘዝኩ የተበላሸውን ተርትሬ አስተካክላለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሴቶቹ ግን ያውቃሉ፤ ሐሙስ መጥተው ሥራቸው ተቃንቶ ሲያገኙት "ዛሬስ እጄ ተሻሽሏል" እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔም እንዳልሰማ እሆናለሁ።

ጀዊሪያ ከታክሲ ተራው አጠገብ የቤት ዕቃ ሱቅ አላት። ልጇ ሀያም ባለፈው ክረምት ታማ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሞተች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ጎረቤቷ ዘሀራ እየጎተተች ታመጣታለች። አራት ወር ሙሉ መርፌ አልያዘችም፣ ቃል አልተነፈሰችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀመጥና ሰዓቱ ሲደርስ ትነሣለች።

"ቤትም እንዲሁ ናት" ትለን ነበር ዘሀራ። "የልጇን ስም አትጠራም። አሁን አሁንማ ምግብም እየተወች ነው።"

ስብሐት አትጫኗት ስላለ አልተጫንናትም። ግን ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ አፏን እንድትከፍት። ካልተናገረች እሷንም እንደምናጣት ልባችን ያውቀዋል።

አንድ ሐሙስ ጀዊሪያ ልትወጣ ስትል ከቦርሳዋ ሐምራዊ ነገር አወጣችና ዘንቢሉ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ስንዝር የሚሆን ጅምር የአንገት ልብስ ነበር፣ ከነመርፌዎቹ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ ቤቷ ተደብቃ ጀምራለች ማለት ነው ብዬ። በማግሥቱ ጠዋት መስኮቴ ሥር ተቀምጬ አየሁት። አቤት አሠራር! ጫፉ ሰፍቶ መሀሉ ጠቧል፤ አንዱ መስመር እንደ ገመድ ከርሯል፣ ቀጣዩ ላልቷል፤ ክር ያመለጠበት ቀዳዳ ብቻ ሰባት ቦታ ቆጠርኩ። ይቺ ምስኪን ተስፋ እንዳትቆርጥ አልኩና ጫፉን ይዤ ሳብኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ክሩ የፀጉር ቅባት ስለሚሸት በሳሙና አጥቤ አሰጣሁት።

ቅዳሜ ዘሀራ ደወለች።

"እትዬ ይርጋለም፣ ጀዊሪያ የሀያምን ሥራ አመጣች አይደል?"

"የማንን?"

"የሀያምን ነዋ! አልጋ ላይ ሆና የጀመረችውን። ትራሷ ሥር ነበር የምታስቀምጠው። ሐሙስ እሱን ይዤ ስለ ልጄ እነግራችኋለሁ ብላኛለች። ሱብሃነላህ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ! ቤት ከቆየ ሐሙስ ይዤው ለመውጣት አልደፍርም ብላ ነው ቀድማ ያስቀመጠችው፤ እርስዎ ዘንድ ስለሚያድር ነው እንጂ ለሌላ ሰው አትሰጥም ነበር።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ በመስኮት አየሁ። ክሩ ግቢው ውስጥ ገመዱ ላይ ደርቆ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ምነው እጄን በሰበረው!

መናገር ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ይቺ ሴት አፏን ልትከፍት አምስት ቀን ቀርቷታል፤ አሁን ይህን ብትሰማ እስከ ወዲያኛው ትዘጋለች ብዬ ፈራሁ። ለራሴም ፈራሁ፤ አልዋሽም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መርፌዎቹን አነሣሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ እንከን ሳጠፋ ኖሬ እንከን መሥራት እንዲህ ይከብደኛል ብዬ አላሰብኩም። እጄ እምቢ አለ። ላላ ላድርገው ስል ሁሉም እኩል ይላላል፤ ቀዳዳ ትቼ አልፋለሁ ስል ሳላውቀው ደፍኜዋለሁ። ቀዳዳዎቹ ሰባት እንደነበሩ አስታውሳለሁ፤ የት የት እንደነበሩ ግን አላየሁም። ሳየው የነበረው ጥፋቱን እንጂ ሥራውን አልነበረም። ሦስቴ ሠርቼ ሦስቴ አፈረስኩ። ረቡዕ ከሰዓት አራተኛውን ዘረጋሁና ራቅ ብዬ አየሁት። ያሳስታል።

ሐሙስ ጀዊሪያ ዘንቢሉን ራሷ ከፈተች። ልብሱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ቀና ብላ አየችኝ።

"አጠቡት እንዴ?"

"አዎ። የሷ መሆኑን አላወቅሁም ነበር ጀዊሪያ፤ ይቅር በይኝ" አልኩ። የቀረውንም ልነግራት ነበር፤ ማርያምን፣ ልነግራት ነበር።

"ግድ የለም" አለች። "ሽታዋ ቢሄድም የእጇ ሥራ አለ።"

ዓይኔን ወደ ጭኔ መለስኩ።

ጣቷን አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ከተተች። "እዚህ ጋ ደም ሊቀዷት መጡና ክሩ አመለጣት። ላስተካክልልሽ ስላት፣ 'ተይው እማ፣ ትንሽ ነፋስ ይግባበት' አለችኝ።" ሴቶቹ እያለቀሱ ሳቁ። ጣቷን ወደሚቀጥለው ወሰደች። "ይሄ ደግሞ አባቷ ያሳቃት ቀን ነው።" አሁንም ወደ ታች ወረደችና የከረረው መስመር ላይ ቆመች። "እዚህ ጋ በጣም አሟታል። ክሩን እንዴት አድርጋ እንደጨበጠችው እዩልኝ! ሀያሜ... ሀያሜ..."

ስሟን እየደጋገመች ጮኻ አለቀሰች። ዘሀራ አቅፋት አብራት ታለቅሳለች፤ ስብሐት በሩ ላይ ቆሞ ዓይኑን ይጠርጋል። ያን መስመር ያከረርኩት እኔ ነኝ፤ ማክሰኞ ጠዋት፣ በራሴ ተናድጄ። ማንም የማንንም ፊት በማያይበት ቤት እግዚአብሔር ብቻ የእኔን ፊት አየ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጀዊሪያ ትናገራለች። ምግብም ጀምራለች ብላ ዘሀራ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ የሰው ሥራ መተርተር ትቻለሁ። ሴቶቹ እትዬ ይርጋለም ደከሙ ይላሉ፤ ይበሉ።

ባለፈው ሐሙስ ጀዊሪያ ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠችና ሐምራዊውን ልብስ ከነመርፌዎቹ ጭኔ ላይ አደረገችው።

"ልጨርሰው ነው" አለችኝ። "ግን እንደ እርስዎ አሳምሬ አይደለም። እንደሷ አድርጌ ነው መጨረስ የምፈልገው። ይቺን ቀዳዳ እንዴት አድርጋ እንደሠራቻት ያሳዩኝ።"

መርፌዎቹን ያዝኩ። ትከሻዋ ትከሻዬን እስኪነካ ተጠግታ እጄን ታያለች።

"ክሩ እዚህ ጋ ሲደርስ አትያዢው፤ ትለቂዋለሽ" አልኳት።

"እንዲህ ነበር የምታደርገው?"

"አዎ" አልኳት። "እንዲህ ነበር የምታደርገው።"