አየር የማይወዱት

ወንድ ልጅ ጣውንት የለውም ይባላል። እኔ ግን ነበረኝ፤ ያውም ከመስታወት የተሠራ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ በጎማ የተወተፈ ጋን። ውስጡ ጭቃ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ ነው፤ ከከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ የተቀዳ። ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸውን ነገር ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትንከባከበው ኖረች።

ሚስቴ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት። ጥናቷ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ላይ ነው፤ እሱም አንድ በአንድ ሳይሆን ተሰባስበው እንዴት እንደሚኖሩ። "አንዱ በልቶ የጣለውን ሌላው ያነሳዋል፣ እሱ የጣለውን ደግሞ ሦስተኛው። ለብቻው ካወጣኸው ይሞትብሃል" ትለኛለች። ሌሎቹ ምሁራን አንዱን ጀርም ለይተው ሲያጠኑ እሷ ሰፈሩን በሙሉ ካላጠናሁ ብላ ግግም አለች። ተማሪዎቿ "የሰፈሩ ሊቀመንበር" ይሏታል። እኔ ስናደድ "ዶክተር" እላታለሁ፤ ደስ ሲለኝ "አንቺ"።

ችግሩ መንገዱ ነው። እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄም ደንበኞቼም ወደብ ከተማው ውስጥ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከተራራው ላይ፣ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ስንጋባ "ለጊዜው ነው" ተባብለን ነበር። ልጃችን እኔ ጋ አደገች፣ ተማረች፣ አግብታ ሄደች፤ እናቷ አሁንም ለጊዜው እዚያው ናት።

እንዳትመጣ የያዛት ያ ጋን ነው። በየጠዋቱ ይቀለባል፣ ሙቀቱ ይጠበቃል። "በረዶ ቤት አስገቢውና ነይ" ብላት፣ "ከበረዶ ሲወጣ ገሚሱ ይሞታል፤ የተረፈውም ሌላ ሰፈር ይሆናል" አለችኝ። ጥያቄዋ አንድ ነበር። ምግባቸውም ሙቀታቸውም ሳይለወጥ ቢኖሩ፣ ነዋሪዎቹ አንድ ቀን ይረጋሉ ወይ? ሲረጉ ጥናቱ ያልቃል፣ እሷም ትመጣለች። አልረጉም። ሥራው በየቀኑ ያው ነው፣ የሚወጣውም ጋዝ ያው ነው፤ ነዋሪው ግን ሁልጊዜ ይቀያየራል። ይሄንኑ አረጋግጣ ፕሮፌሰር ተባለች። እኔም ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ፤ ቤት ስገባ ሆዴ ባባ።

ናፍቆት የወጣት በሽታ ይመስለኝ ነበር። ውሸት ነው። ቅዳሜ ጋኑን ለተማሪዎቿ አደራ ብላ ስትመጣ መንገዱ አድክሟት ግማሹን ቀን ትተኛለች፤ እሑድ ምሳ በልታ ቦርሳዋን ታነሳለች። ከሄደች በኋላ ጠረኗ ብርድ ልብሱ ላይ ጥቂት ቀን ይቆያል። እኔ ሰው የማላምን ነጭናጫ፣ ብርድ ልብስ አላሳጥብም ብዬ ከልጄ ጋር ተጣልቻለሁ።

ያለፈው ክረምት ጡረታ ወጣች። የጓደኛዬን ቫን ተውሼ ላመጣት ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ቤቱን ቀለም ቀብቼ፣ የቁም ሣጥኑን ገሚስ ለቅቄላት፣ ለበረንዳው ሁለት ወንበር ደህና ቆዳ አልብሼ ነበር። ሲመሽ እዚያ ቁጭ ብለን መርከቦቹ ሲገቡ እያየን እናወራለን። ከዚህ ዓለም የቀረኝ ምኞት እሱ ብቻ ነበር።

ቤተ ሙከራዋ ስደርስ ዕቃው ግማሹ ተነስቷል። ማይክሮስኮፑ የነበረበት ቦታ ብቻ ከአቧራ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ጋኑ ግን ሞቅ ባለ የውሃ ገንዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሥራውን ይሠራል። ከአንገቱ የወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ብልቅ፣ ብልቅ ይላል። ያ አረፋ ትንፋሻቸው ነው።

አዲሱ የክፍሉ ኃላፊ በሩ ላይ ቆሟል። ለስላሳ ሰው ነው፤ ከለስላሳ ሰው ደግሞ ይሰውራችሁ። "ፕሮፌሰር፣ መረጃው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አለን። ይሄን የሚቀልብልን ሰው ግን የለም፤ ክፍሉም ሰኞ ይፈለጋል" አላትና እጇን ጨብጦ ሄደ።

ሚስቴ የገንዳውን የኤሌክትሪክ ገመድ ይዛ ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንተ ንቀለው። ዕድሜህን ሙሉ የተመኘኸው ይሄን አይደል?" አለችኝ። ለነገር አልነበረም፤ ገመዱን ዘረጋችልኝ።

እውነቷን ነው፣ ተመኝቻለሁ። እዚያ ከተማ መብራት ይጥፋ ብዬ ስንቴ ጸልያለሁ። አሁን ፊቷን ሳየው ግን አንጀቴን በላችው። ገመዱን አልተቀበልኳትም።

"ይዘነው እንሂድ" አልኩ።

"መንገዱን አይችለውም።"

"አንቺ ስትመላለሺበት ችለሽው የለ?"

ቀና ብላ አየችኝና ብርድ ልብስ ፍለጋ ወጣች።

ጠቅልለን፣ ሙቅ ውሃ የያዙ ጠርሙሶች ዙሪያውን ደርድረን፣ ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አሰርነው። እሷ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እኔ ፊት ለብቻዬ። ሹፌራቸው ሆንኩ ማለት ነው። ቢሆንም መንገዱን ሙሉ ሳፏጭ ነበር፤ ሚስቴን ይዤ እየተመለስኩ ነዋ።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። ሙቀቱ አይጣል ነው። እሷ ፊቷን ልትታጠብ ወረደች። ዞር ብዬ ሳይ አረፋው ቀንሷል፤ አንዴ ብልቅ ይልና ይጠፋል። ታፈኑ ብዬ ክው አልኩ። የሚተነፍስ ነገር ሁሉ አየር አይፈልግም? ጎማውን ከአንገቱ ነቀልኩና ባርኔጣዬን አውልቄ ማራገብ ጀመርኩ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉት እኔን አይተው መሆን አለበት።

በሩን ስትከፍት እያራገብኩ ነበር። አልጮኸችም። ጎማውን ከእጄ ወስዳ መልሳ ወተፈችው።

"አየር መርዛቸው ነው" አለች ቀስ ብላ። "ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ።"

ነግራኝ ይሆናል። እኔ ስታወራ ድምጿን ነበር የምሰማው፤ ነገሩን አልሰማሁትም።

ቤት ስንደርስ አረፋው ቆሟል። ዕቃ ቤቱን ባዶ አደረግንለት፣ ማሞቂያ ገዛሁለት። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ናት። ከላይ ያሉት የገባውን አየር በልተው ከጨረሱት ከሥር ያሉት ሊተርፉ ይችላሉ ትላለች። መቼ ይታወቃል ስላት፣ አይታወቅም አለችኝ። ጠዋት ሻይዋን ይዛ ትገባለች፣ ምሳዋን በር ላይ ትቀበለኛለች፣ ሲመሽ ወጥታ ጥቅልል ብላ ትተኛለች። ተኳርፈን አይደለም። "ጥፋቱ ያንተ አይደለም" ብላኛለች፤ አለመቆጣቷ ግን የበለጠ አቃጠለኝ።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ፣ "እንኳን ደስ ያለህ! ሚስትህ ጠቅልላ ገባች አሉ" አለኝ።

"አዎ፣ ጠቅልላ ገብታለች" አልኩት። ዕቃ ቤት መግባቷን አልነገርኩትም።

የሚገርመው፣ ናፍቆቴ አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። ድሮ በሩቅ ሳለች በየማታው እንደዋወል ነበር። ስልኩን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ አስደግፌ ራቴን ስሠራ እሷ ውሎዋን ትነግረኛለች፣ በአለቆቿ ትስቃለች፣ ድምጿ ቤቱን ይሞላዋል። አሁን አንድ ጣሪያ ሥር ያለ ሰው ምን ብሎ ይደውላል? ቤቴ ገባችና ድምጿን አጣሁት።

ትናንት ሲመሻሽ ሾርባ ጥጄ ቆሜ ሳለ እጄ ራሱ ስልኩን አነሳው። ደወልኩ። ጥሪው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

"ሄሎ? የት ነህ?"

"ወጥ ቤት።"

"ምን ሆንክ?"

"ምንም። እንዴት ዋልሽ ልልሽ ነው።"

"ታዲያ መጥተህ አትጠይቀኝም?"

"በሩን ስከፍተው አየር ይገባል ብዬ ፈርቼ ነው።"

ከስልኩ ውስጥ የማሞቂያው ድምፅ ይሰማኛል።

"አንተ ሰውዬ" አለች። "የተወተፈው እኮ ጋኑ ነው እንጂ ክፍሉ አይደለም። ይሄን ሁሉ ቀን በሩ ላይ የምትቆመው ለዚህ ነው?"

"ናፍቀሽኛል" አልኳት። በትዳር ዘመናችን ወጥቶኝ አያውቅም። ሩቅ ላለ ሰው ይሄን መናገር ማስጨነቅ ይመስለኝ ነበር።

"እዚህ ሆኜ?"

"እዚህ ሆነሽ።"

ወንበሯ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ወዲያው ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመች፤ ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችውም። ዓይኗ ቀልቷል፣ እጅጌዋ ዝቃጭ ነክቶታል።

"ዛሬም አረፋ የለም" አለችኝ።

እኔም ስልኬን እንደያዝኩ፣ "ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አልኳት።

ተቀመጠችና ጀመረች። ከሥር ስላሉት፣ ከላይ ስላሉት፣ ማን የማንን ትርፍ እንደሚበላ። መሀል ላይ አንድ ነገር አልገባኝም፤ አስቁሜ ጠየቅኳት።