በአባቴ ዱላ የተለኩ በሮች

ሰፈራችን ውስጥ ያለው በር ሁሉ ስፋቱ አንድ ነው። አባቴ አናጢ ነበር፤ እኔም አናጢ ነኝ፤ ሁለታችንም በር የለካነው በአንድ ዱላ ነው። እሱ ቆርጦ ያስቀመጠው ዱላ ከእጅ ብዛት ለስልሶ እስከዛሬ ከመጋዜ አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ሜትር የለህም ወይ ለሚለኝ ሰው “ሜትር ይሳሳታል፤ አባቴ አይሳሳትም” እለዋለሁ። ሰፈሩ “ባለ ዱላው” የሚለኝ በዚህ ነው እንጂ ማንንም መትቼ አላውቅም።

የሰፈሩ ማኅበር ከጀርባችን ባለው ባዶ ቦታ አርባ ቤት ሊሠራ ተስማምቶ በሮቹን ለእኔ ሰጠኝ። ጣውላው መጥቷል፤ ሰኞ ልቆርጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስብሰባ ተጠራን። ግንባታው ሳይጀመር የሰፈራችንን መጪ ሃያ ዓመት እናስብ ተባለ። ቆሽቴ አረረ። የነገን ማን አይቶ ነው የሃያ ዓመቱን የሚያስበው?

ስብሰባውን ልትመራ የመጣችው ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ዓይነት ናት። ንግግሯ ሁሉ የሚያልቀው “ቢሆንስ” ላይ ነው። ሻይ እንኳ ሳይቀዳ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ “ወይዘሮ ቢሆንስ” አለቻት። ስምን መልአክ ያወጣዋል።

“ጠንቋይ አይደለሁም” አለች ወይዘሮ ቢሆንስ። “የሚመጣውን ልነግራችሁ ሳይሆን ከእናንተ ልሰማ ነው የመጣሁት። እስቲ ሥራችሁ ላይ በቅርቡ ምን ተለወጠ? ትንሽ ነገርም ቢሆን።”

ልብስ ሰፊዋ ጀመረች። “ድሮ የተማሪ ዩኒፎርም መቶ እሰፋ ነበር፤ ዘንድሮ ሠላሳ አልሞላም። አሁን የሚመጣልኝ የአዛውንት ልብስ ነው፤ አጥብቢልኝ እያሉ።” ጡረታ የወጣው መምህር ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል መዝጋቱን ነገረን። እኔም ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ “የሕፃን አልጋ ያዘዘኝ ሰው ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። ምርኩዝ ግን በየሳምንቱ እሠራለሁ።”

እርስ በርስ ተያየን። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቁራጭ ይዘን ኖረናል፤ ሲገጣጠም ምን እንደሚወጣው ግን ማናችንም አልሞከርነውም። ንዴቴ በየት በኩል እንደወጣ አላውቅም፤ ወንበሬን ወደፊት ሳብኩ።

“ይሄ በዚሁ ቢቀጥልስ?” አለች። “የሄዱት ልጆች ቢመለሱስ? ከሌላ ቦታ አዲስ ሰው መጥቶ ቢሰፍርስ?” ለሦስቱም ጥያቄ አንድ አንድ ግድግዳ ሰጠች፤ እኛም የመጣልንን እየጻፍን ስንለጥፍ ረፈደ። ከዚያ ካርድ አዞረች። በየካርዱ ላይ ከሃያ ዓመት በኋላ እዚህ የሚኖር አንድ ሰው አለ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ “ዕድሜዎ ሰባ ስምንት ነው። የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። ከቤትዎ ተነሥተው እዚህ አዳራሽ ይምጡ።”

“ይኸው መጥቼ የለም እንዴ?” ብዬ ሰዉን አሳቅኩት።

“በእግርዎ ነዋ የመጡት” አለች። “ዊልቸር የሚያውስዎት ሰው ቢኖርስ?”

ነበር፤ ያውም እቤቴ። እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት ለእናታችን ያመጣችው ዊልቸር ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ታጥፎ ቆሟል። እማዬ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ከቤት አትወጣም። “ደጅ ምን አለ? ቤቴ ይሻለኛል” ትላለች። እኔም ሰው ሲያረጅ ቤቱን ይወዳል ብዬ ትቼዋለሁ።

ሄጄ ዘረጋሁትና ተቀመጥኩበት።

“ምን ሆንክ?” አለች እማዬ ከአልጋዋ።

“ሰባ ስምንት ዓመት ሆነኝ” አልኳትና ጎማውን እየገፋሁ ወደ በሩ ሄድኩ። ሁለቱ መቃኖች መሀል ተቀርቅሬ ቀረሁ። ወደኋላ ተመልሼ በኃይል መጣሁ፤ የጣቶቼ አንጓ ተላጠ። በሰያፍ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። አራት ጣት ይጎድላል።

ዞር ስል እማዬ ታየኛለች።

“አይወጣም” አለች። “ሞክሬዋለሁ።”

“መቼ?”

“እህትህ ያመጣችው ሳምንት። አንተ ሥራ ሄደህ።”

“ሁለት ዓመት ሙሉ? ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን ልበልህ? የአባትህን በር አፍርስልኝ ልበልህ? ያን ዱላ እንደ ዓይንህ ብሌን ይዘኸው! ሆድ ይፍጀው አልኩ።”

አፈርኩ። አናጢ ልጅ እያላት እናቴ በር ቸግሯት ኖራለች። “አባባ ሲለካ ተሳስቶ አያውቅም” አልኩ።

“መቼ ተሳሳተ? ዱላውን ሲቆርጥ አጠገቡ ነበርኩ። ልንጋባ ስንል ከእናቴ ቤት የማመጣውን ይሄን ቁም ሳጥን ለክቶ ነው የቆረጠው፤ እሱ ከገባ ሌላው ሁሉ ይገባል ብሎ። አባትህ የሚመጣውን ነበር የሚለካው። አንተ አባትህን ትለካለህ።”

አዳራሹ ስመለስ ወይዘሮ ቢሆንስ “ደረሱ?” አለችኝ።

“ከቤቴም አልወጣሁ” አልኩና የተላጠ እጄን አሳየሁ። “ካርድሽ ላይ ያለው ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ አይደለም። እቤቴ ተቀምጦ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የዘጋሁበት እኔ ነኝ፤ አርባውንም በር በዚያው ልክ ልቆርጠው ነበር።” ማንም አልሳቀም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ደብተሩን ገልጦ አዲሱን ልክ ጠየቀኝ። ገና አላውቀውም አልኩት።

እሑድ ጠዋት የእማዬን በር ከነመቃኑ ነቀልኩት። ዊልቸሩ ላይ አስቀምጬ ሁለቱንም ጎማ አስያዝኳትና ከቡጢዋ እስከ ቡጢዋ ለካሁ፤ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ጨምሬ አዲስ ዱላ ቆረጥኩ።

“በዚህ በር ሌላስ ምን ይገባ ይሆን?” አልኳት።

“እኔ ምን አውቃለሁ? ሰው ጠይቅ እንጂ!”

በሰፋው በር አወጣኋት። ፀሐዩ ዓይኗን ወግቷት ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ማዶ ያለውን የልብስ ሰፊዋን ቤት አሳየችኝ። ልብስ ሰፊዋ ወዳጇ ናት፤ እየመጣች ትጠይቃታለች፤ እማዬ ግን ያን ቤት ከረገጠች ሁለት ዓመቷ ነው። መንገዱን ተሻግረን ደረስን። ዊልቸሩ መቃኑን መትቶ ቆመ።

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። “ይሄንንም የሠራኸው አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ።”

“የጎረቤቷንስ?”

“እሱንም።”

“እስቲ ግፋኝ” አለች፤ አዲሱን ዱላ ከእጄ ወሰደችው። “ስንት እንደሆኑ እንያቸው።”

በር በደረስን ቁጥር ዱላውን አግድም እየዘረጋች ለካች። እስከ መንገዱ ጫፍ ሄድን፤ በአንዱም አላለፈም።