«አሜን» ያለው ሊቀ መንበር

ኢያሱ ቦንጋ ገበያ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ፣ ድምፁ ከቆርቆሮው የማያንስ ሰው ነው። ልጁ ሩሀማ ሰባተኛ ክፍል በገባች ዓመት የትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር አድርገው መረጡት። እሱም ሹመቱን አጥብቆ ያዘው። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «ልጅ ከትምህርት የሚቀረው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ታሟል፣ ወይ ሐዘን ደርሶበታል። ከዚህ ውጭ የቀረ እንደሆነ ወላጁ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ በተማሪ ሁሉ ፊት ቆሞ ምክንያቱን በራሱ አንደበት ይናገር!» አለ። ሰው ደክሞት ስለነበር ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ አለፈ።

ደንቡ መጀመሪያ ያገኘው ጎረቤቱን እትዬ በዛወርቅን ነው። ዋጫ ከተማ የእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ልጃቸውን ይዘው ሰንብተው ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሰልፉ ፊት ቆሙ። ግንባራቸው በላብ ርሶ፣ ማይኩም ይንጫጫባቸው ነበር። ሲጨርሱ ኢያሱ ከሁሉ በላይ አጨበጨበ፤ አጨብጭቦም አልበቃው፣ «ሠርግ ምክንያት ነው እንዴ? ሠርግ እኮ ምሳ ነው!» አለ።

እንግዲህ ጥር ገባና የኢያሱ የወንድም ልጅ ደካ በምትባል የገጠር መንደር ተዳረች።

ቅዳሜ እናቱን እማማ አበዛሽንና ሩሀማን ይዞ ሄደ። አሳቡ እሑድ ማታ ለመመለስ ነበር። አሳቡ እንዲህ ይሁን እንጂ ጠጁ የካፋ ማር ጠጅ ነው፣ ዘመዱም የሚለቅ ዘመድ አይደለም። «መልስ ሳትበሉ የት አባታችሁ ልትሄዱ!» ብለው ያዟቸው። እማማ አበዛሽማ ጭራሽ መሄድ የሚባል ነገር አልታያቸውም። ጉልበቴ፣ ወገቤ ሲሉ የከረሙት ሴትዮ ሌሊቱን ሙሉ እስክስታ ሲወርዱ አድረው ጎህ ሲቀድ ነው ጓዳ ገብተው የተጋደሙት።

ሰኞ ጠዋት ኢያሱ ነቃና ትምህርት ቤቱ ትዝ አለው። ያ ሰልፍ፣ ያ ማይክ፣ የእትዬ በዛወርቅ ግንባር ፊቱ ላይ ድቅን አሉ። እሱ እዚያ ቆሞ ስለ ሠርግ ሊያወራ ነው! በዚያ ላይ ገበያው ሁሉ ሊስቅበት ነው። ስልኩን አንሥቶ ቀሪ ለሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር ለመምህር ተክለጻድቅ ደወለ። ተክለጻድቅ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ በሰው ችግር ቶሎ የሚያለቅስ ልበ ቡቡ ሰው ነው።

«መምህር፣ ኢያሱ ነኝ። ደካ ነን፤ ዛሬ ሩሀማ መምጣት አልቻለችም። ምን መሰለዎት፣ እናቴን ሌሊቱን በጣም ደክሟት...» ኔትወርኩ ተቆረጠ፣ ተቀጠለ። «...ጎህ ሲቀድ አረፈች።»

ይኸውላችሁ፣ «አረፍ አለች» ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። አንዲት «አለች» ከምላሱ ቀረች። ከኋላው ደግሞ ከበሮው እንደገና ተጀምሮ ሴቶቹ ይጮኻሉ።

ቀጥሎ የተክለጻድቅ ድምፅ ተሰባብሮ መጣ። «ወይኔ! እማማ አበዛሽ! ጩኸቱ እኮ እዚህ ድረስ ይሰማል... እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሽ ኢያሱ።»

ኢያሱ አፉን ከፈተ። ለማረም ነበር የከፈተው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ለማረም ነበር። ግን «ሐዘን» የተፈቀደ ምክንያት መሆኑ በዚያችው ቅጽበት ትዝ አለው። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው።

«አሜን» አለ።

«ስለ ሩሀማ በጭራሽ አያስቡ። ሐዘን ነው፤ ፈቃድ አላት» አለ ተክለጻድቅ። ከዚያ የስልኩ ባትሪ አለቀ። ደካ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ መብራት አልነበረም።

ሩሀማ ቆጮ በሥጋ የያዘ ሳህን ታቅፋ አጠገቡ ቆማለች። ስልኩ ጮኾ ስለሚናገር ሁሉን ሰምታለች። «አባዬ፣ ማን ሞቶ ነው አሜን ያልከው?»

«ዝም በይ። ስንገባ አስረዳዋለሁ።»

ልጅቷ ሳህኑን አስቀመጠችው። ያን ቀን መልሱም ጠጁም ለኢያሱ አልጣመውም። የልጁን ዓይን ሸሽቶ ወዲያ ወዲህ ሲል ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ተሳፈሩ፣ ቦንጋ ሲደርሱ ባጃጅ ያዙ። ባጃጁ ሰፈራቸው መግቢያ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ከዚህ በላይ አያስገባም» አለ ሾፌሩ። «ድንኳን ተጥሏል፤ ለቅሶ አለ።»

ኢያሱ አንገቱን አውጥቶ አየ። ድንኳኑ የተጣለው በራሱ ደጃፍ ነው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዓለሙ አግዳሚ ያስደረድራሉ፣ መምህራኑ ውሃ በካርቶን ተሸክመው ይገባሉ። ነገሩ ወዲያው ገባው።

እማማ አበዛሽ ግን አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ድንኳኑን እንጂ ደጃፉን ለይቶ አላየም። «ውይ! ውይ! እኛ እዚያ ስንጨፍር ጎረቤት ሞቶ!» አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከባጃጁ ወረዱ።

«እማዬ፣ ቆዪ! አንድ ነገር ልንገርሽ...»

«ለቅሶ ቆይ ይባላል? አንተ ደግሞ!» ደረታቸውን እየደቁ፣ «ወይኔ ጎረቤቴን! ወይኔ ደጓን!» እያሉ ወደ ድንኳኑ ገሰገሱ። ሲጨፍሩ አድረው ድምፃቸው ስለሰለለ፣ ከሩቅ ሲሰማ አንጀት ይበላ ነበር።

ውስጥ እትዬ በዛወርቅ መሐል ቆመው ሙሾ ያወጣሉ። «አበዛሽ ሩህሩኋ! አበዛሽ እጀ ሰፊዋ!» ሴቶቹ ይቀበላሉ። እማማም ገብተው ከሁሉ ጋር ተቀበሉ፤ አንድ ሁለቴ «አበዛሽ እጀ ሰፊዋ!» ብለው ደረታቸውን ከመቱ በኋላ ቆም አሉ።

«የትኛዋ አበዛሽ ናት?» አሉ።

እትዬ በዛወርቅ ዞር አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ያወራል። አግዳሚ ከነተቀማጩ ተገለበጠ፤ የሒሳብ መምህሩ በድንኳኑ ሥር ሾልኮ ወጣ፤ ያማተበው አማተበ፣ «በኢየሱስ ስም!» ያለውም አለ። ጋሽ ዓለሙ ብቻ ሳይሸሹ ቀርበው የእማማን እጅ ዳሰሱ። «ሙቅ ነው» ብለው ለሕዝቡ አስታወቁ።

ይኼኔ ሁሉም ወደ ኢያሱ ዞረ። መምህር ተክለጻድቅ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቶ ከሰው መሐል ወጣ።

«ጋሽ ኢያሱ፣ አረፈች አላሉኝም?»

«ብያለሁ። ደክሟት... ተኝታ ነው፣ እንዲያው እንቅልፍ...»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት ስልዎትስ?»

«ኔትወርኩ ነው» የምትለዋ ቃል አፉ ላይ ደርሳ ነበር። ማንም ያምነው ነበር፤ ደካና ኔትወርክን የማያውቅ የለም። ግን ሩሀማ ባጃጁ አጠገብ ቦርሳዋን ታቅፋ ቆማ ታየዋለች። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም፤ አባቷ ምን እንደሚል ብቻ ትጠብቃለች። ኢያሱ በዕድሜው እንደዚያች ልጅ አስተያየት የከበደው ነገር የለም።

«አሜን አልኩ» አለ። «የነበርነው ሠርግ ላይ ነው። ሰልፉ ፊት መቆም አሳፍሮኝ ነው አሜን ያልኩት።»

ቀድመው የተናገሩት እማማ አበዛሽ ናቸው። ልጃቸውን በቁጣ ገላመጡት፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። «የራሴን ንፍሮ ሳልቀምስ አልገባም፤ አምጡ! አንቺ በዛወርቅ፣ እጀ ሰፊዋ ካልሽኝ በኋላ ምን ልትይ ነበር? ቀጥይ፣ አታቋርጪ!» ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እንባው ገና ካልደረቀው ከተክለጻድቅ በስተቀር ያልሳቀ አልነበረም፤ እሱም ንፍሮው ሲዞር ሳቀ።

ማክሰኞ ጠዋት ጭጋጉ ገና ከኮረብታው አልተነሣም። ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ፣ ኢያሱ ማይኩን ያዘ። ማንም አልጠራውም፤ ራሱ ነው የመጣው። አጥሩ ጥግ ግማሽ ሰፈር ቆሟል፤ እትዬ በዛወርቅ የቲማቲም ንግዳቸውንም ትተው ከሁሉ ፊት ናቸው።

ነገሩን ከጠጁ ጀምሮ እስከ ንፍሮው አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ልጆቹ እየተደጋገፉ ሳቁ፤ የመምህራኑም ሰልፍ ተበላሸ። ላብ ከጆሮው ሥር ሲወርድ ይታወቀዋል። «እትዬ በዛወርቅ» አለ በመጨረሻ፣ «እርስዎ እዚህ ሲቆሙ ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። እንዲህ የሚያስጨንቅ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

መጀመሪያ ያጨበጨበችው ከሰባተኛ ክፍል ሰልፍ ሩሀማ ናት። ቀጥለው እትዬ በዛወርቅ በሁለት እጃቸው፣ እልልታም ጨምረው። ኢያሱ ማይኩን ለተክለጻድቅ ሊመልስ ሲል ግን እማማ አበዛሽ ከመሐል ቀሙት።

«ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉ፣ ማይኩን እንደ በቆሎ አፋቸው ላይ አስጠግተው። «ልጄ ውሸታም ሆኖ ቀረ ወይ ስል አደርኩ። ይኸው አሁን በሰው ፊት እውነቱን ተናገረ። እፎይ! እኔም ገና አሁን አረፍኩ!»

ከአጥሩ በኩል የጋሽ ዓለሙ ድምፅ ተሰማ።

«አረፍ አልኩ ይበሉ እንጂ፣ እትዬ! አረፍ አልኩ! ድንኳኑን እኮ ገና አጥፈን አልጨረስንም!»