ከትራሷ ያልተለካው ግድብ

ልብስ ሰፊው የአገሩን ሰው ሁሉ ሲለካ ኖሮ፣ የገዛ ሚስቱን ትራስ ሳይለካ ግድብ ሠራ። ጉዱ ይኸው ነው።

ሚስቱ ወገቧን ታማ ከተኛች ወዲህ ሳቋ ጠፍቷል። ከመስኮቱ ሥር ሆና ጓሮውን ታያለች፤ ጓሮው ደግሞ ድንጋይና አረም ነው። አንድ ቀን "ዳክዬ የሚዋኝበት ውሃ ባይ ደስ ይለኝ ነበር" አለች። በቃ፣ ሰውዬው ሱቁን ዘግቶ በጓሮው የምታልፈውን ጅረት ሊገድብ አካፋ አነሳ። ጎረቤቱ ግንበኛው "ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ እንነጋገርበት" ቢለው፣ "ስንቱን ሙሽራ ያለበስኩ ሰው አፈር ያቅተኛል?" አለው።

እውነት ለመናገር አፈሩ አላቃተውም። ሣሩን ገፎ ጭቃውን እየጠቀጠቀ ከመረው፤ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትም በጎን በኩል ከፈተለት። ዝናቡ ሲጥል ኩሬው ሞላ። ዓሣ ጨመረበት፤ ዳክዬዎቹም ማንም ሳይጠራቸው መጡ።

እየሮጠ ገባ። "እህሳ፣ የኔ እመቤት! ታየሽ?"

"ምኑ?"

"ኩሬው ነዋ!"

"እኔ የሚታየኝ አፈር ነው።"

ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ትራሷ ላይ አደረገ። ወይ ጉድ! ግድቡ በቤቱና በውሃው መካከል ተገትሯል፤ ቁመቱም ከመስኮቱ ይበልጣል። ቢያፈርሰው ውሃው ይሄዳል፤ እሷን ተሸክሞ እንዳይወጣ ሐኪሙ እንዳትነቃነቅ ብሏል።

"እኔን ብሎ ለኪ!" አለ ግንባሩን እየመታ። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ!"

ቢያንስ ዳክዬዎቹን ወደዚህ ላባርርላት ብሎ ግድቡ ላይ ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርስ ጭቃው አዳለጠውና፣ የልብስ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ፣ በቂጡ ተንሸራቶ መስኮቱ ፊት ዱብ አለ።

ከውስጥ ያ የጠፋው ሳቅ ተሰማ። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

"አንተ ሰውዬ!" አለች ትንፋሽ ሲመለስላት። "ዳክዬውን ተወው። ዕድሜ ልክህን ጀርባህን ሰጥተኸኝ የስፌት መኪና ላይ ስታቀረቅር ኖርክ። ፊትህን ዛሬ ገና አየሁት።"

ብድግ ብሎ ጭቃውን አራገፈ።

ከዚያ በኋላ ዝናብ እንዳይሸረሽረው ግድቡን ሣር አለበሰው። ከመስኮቱ ትይዩ ያለችውን፣ እሱ የተንሸራተተባትን አንዲት የጭቃ መስመር ብቻ እንዳለች ተዋት።

"ጋሼ፣ ይቺን እኮ ረሷት" አለ ግንበኛው። "አዳልጦዎት ይሰበራሉ!"

"ዝም በል" አለ ልብስ ሰፊው። "ይቺንስ ለክቻት ነው።"