ለስኔምብል የተገኘ ምስክር

ሄስተር ሎዊክ እንግሊዝ አገር ኖሪጅ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የመዝገበ ቃላት አሳታሚ ቤት የተቀጠረችው ለሦስት ወር ሙከራ ነበር። ሦስቱ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ዋና አዘጋጁ ሚስተር ታራንት አንድ ባዶ ገጽ ሰጧት።

«መቅዳትና መድገም የሚሉትን ያዢ። በተመሳሳይ ፍቺ የሚነገሩ ቃላት አርባ አድርሺልኝ። ገጹ ካማረ ሰኞ ቋሚ ትሆኛለሽ።»

እንግሊዝኛ በዚህ ነገር ንፉግ አይደለም። ቃል በቃል ለመገልበጥ አንድ ቃል አለው፤ ለማስተጋባት ሌላ፤ የሰው ፊርማ አስመስሎ ለመፈረም ደግሞ ሌላ። ዝንጀሮና በቀቀን እንኳ የየራሳቸውን ስም ለዚሁ ለግሰዋል። ሄስተር ስለ ወጥ ፈጠራ ስልሳ ገጽ ጽፋ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ልጅ ስለሆነች ሥራው የሚከብዳት አልመሰላትም። ሠላሳ አንደኛው ቃል ላይ ስትደርስ ምንጩ ነጠፈ።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ሳንድዊቿን በቦርሳዋ እንደያዘች ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄደች። የአንድ ተፎካካሪ ቤት ወፍራም መዝገበ ቃላት አውርዳ ከፈተች። «ለማየት ብቻ ነው» አለች ለራሷ። ለማየት ብቻ የመጣ ሰው እርሳስ ምን እንደሚያደርግለት አልጠየቀችም። ዘጠኝ ቃላት ይዛ ተመለሰች።

በእነርሱ ቤት አንድ ቃል መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው ካርድ ሲኖረው ነው። ካርዱ ቃሉን ማን፣ መቼ፣ የት እንደጻፈው ይመሰክራል። ለስምንቱ ቃላት ከመሳቢያዎቹ ካርድ አገኘች። ዘጠነኛው ስኔምብል የሚባል ነበር፤ ፍቺው «የጎረቤትን ሥራ በችኮላ መቅዳት» ይላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለገችለት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት።

ስለዚህ ራሷ ጻፈችለት። ኦባዳያ ግሪክስ የሚባል የኖርፎክ ገበሬ በ1843 ለወንድሙ በላከው ደብዳቤ ላይ፣ «ጉልበቴ አላስነሣ ብሎኝ ተኝቼ ሳለ ጎረቤቴ የአጥሬን አሠራር ስኔምብል አደረገው» ይላል። ጉልበቱን የጨመረችው ነገሩ እውነት እንዲመስል ነው። ካርዱን ደግማ ስታነበው ለሰውየው አዘነችለት። በስልሳው ገጽ ውስጥ ይህን ያህል ሕይወት ያለው አንድም ዐረፍተ ነገር እንዳልነበረ ማሰቧ ግን የሚያኮራ አልነበረም፤ ያም ሆኖ ትንሽ ኮራች።

ሰኞ ጠዋት ሚስተር ታራንት ክፍላቸው አስጠሯት።

«ተቀመጪ። ገጹን አነበብኩት፤ ጥሩ ነው።»

«አመሰግናለሁ፣ ሚስተር ታራንት።»

«በተለይ ገበሬው። ጉልበቱን ተሻለው?»

ሰውየው ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ ነከር አደረጉ።

«ስኔምብል የውሻዬ ስም ነበር» አሉ። «ከሃያ ዓመት በፊት እዚያኛው ቤት ስሠራ እኔ ነኝ መጽሐፉ ውስጥ የከተትኩት። ባለበግ በጉ ቢሰረቅ እንዲለየው ጆሮውን እንደሚበሳው ነው። እኛም በየመጽሐፉ አንድ የሌለ ቃል እንደብቃለን፤ የሰረቀን ሰው አብሮ ይዞት ይሄዳል።»

ተነሥተው ከመደርደሪያው ከዚያ ወዲህ ሌሎች አራት ቤቶች ያሳተሟቸውን መጻሕፍት አወረዱና አንድ በአንድ ከፍተው ፊቷ ዘረጉላት። ስኔምብል በአራቱም አለ።

«ሁሉም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ከአንዱ ጋር በየገናው እራት እንበላለን።»

ሄስተር ነፍስ ዘራች። አምስተኛዋ ሌባ መሆን፣ ያውም ከተከበሩ ሰዎች ጋር፣ ያን ያህል የሚያሳፍር አልመሰላትም።

«ግን» አሉ ታራንት፣ «ከአራቱ አንዳቸውም ምስክር አላቆሙለትም። ደብዳቤው የት ነው ያለው?»

መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ስታሰላስለው ቆይታ ደብዳቤውን በሐሳቧ ከግሪክስ ቤት ጋር አብራ አቃጥላዋለች። አሁን ያን እሳት መለኮስ ብቻ ነበር የሚቀራት። ሰውየው ግን አላስቸኮሏትም፤ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

«ደብዳቤ የለም» አለች። «ግሪክስም የለም።»

«ጉልበቱስ?»

«የአባቴ ነው።»

ታራንት ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ሲጨርሱ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«መቅዳቱን እኔም በልጅነቴ ሠርቼዋለሁ። ይቅር የማይባለው ካርዱ ነው። እኔና አንቺ ከሞትን በኋላ አንዱ መጥቶ ያምነዋል። አዘጋጅ አትሆኚም።» ገጿን አጥፈው መሳቢያ ከተቱት። «ታች ያሉት አሮጌ ካርዶች እየተቀዳደዱ ነው። በአዲስ ካርድ ላይ እንዳለ የሚገለብጥ ሰው ያስፈልገናል። ደመወዙ ያንሳል። ከፈለግሽ ሥራው ያንቺ ነው።»

«እፈልጋለሁ።»

«አልሰማሁሽም።»

«እፈልጋለሁ አልኩ።»

የታችኛው ክፍል ኃላፊ ወይዘሮ አይቪ ፔግ ናቸው፤ በዚያ ክፍል ሠላሳ ዓመት ጽፈዋል። ሄስተር ስትገባ ቀና አላሉም።

«ባለገበሬዋ መጣሽ?»

«እርስዎም ሰምተዋል?»

«ልጄ፣ ፎቅ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። ሹራብሽን አታውልቂ፤ እዚህ ይበርዳል። ነይ፣ ይቺን ያዢ።»

ካርዱ ከአንድ የመርከብ አብሳይ ማስታወሻ የተወሰደ ነበር። ሰውየው ስለ ሽንኩርት ሲጽፍ መሃል ላይ ነጠላ ሰረዝ ዘንግቷል። ዐረፍተ ነገሩ አንካሳ ሆኗል። የሄስተር ብዕር ወደዚያች ባዶ ቦታ ሄደ።

«ተዪው» አሉ ወይዘሮ ፔግ፣ ከራሳቸው ካርድ ዐይናቸውን ሳያነሡ።

ተወችው።