የቆዳ ወናፍ

ሽማግሌው ቀጥቃጭ የተያዘው በገዛ አፉ ነው። የባህላዊ እደ ጥበብ ጥበቃ ደንብ ሊወጣ ሲል ከባህል መሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጥተው፣ "አባት፣ እንዴት ነው የሚሠሩት?" ቢሉት ደረቱን ነፋ።

"የእኛ ቤት እሳት ከቆዳ ወናፍ በቀር ሌላ ነፋስ አያውቅም። ብረት ውስጡ እያለ ጠፍቶም አያውቅም። አንዱ እጅ ሲደክም ከዘሩ ሌላው ይቀበለዋል።"

ውሸቱን ነበር፤ ስንቴ ጠፍቶበት በክብሪት ለኩሶታል። ሰዎቹ ግን ያለውን ሁሉ ደንብ አደረጉት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ደንቡ ጠቅሞታል፣ አይካድም። ሰፈሩ ሁሉ ለፎቅ ሲፈርስ የእሱን ቤት የነካው የለም። ብቻ በየዓመቱ ተቆጣጣሪ ይመጣል። በዚያው አሠራር ሲሠራ ካላየ ጥበቃው ይነሳል፤ ቤቱም እንደ ጎረቤቶቹ ቤት ይሆናል።

ዘንድሮ የሽማግሌው ሳንባ ታመመ፤ ሐኪሙም ወናፍ እንዳይነካ ከለከለው። ሴት ልጁ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ገዝታለት በዚያ ይሠራ ነበር። ተቆጣጣሪው የሚመጣ ዕለት በጆንያ ጠቅልላ አልጋዋ ስር ሸሸገችው።

"አንድ ብረት ብቻ ነው አባዬ።"

"አንድ ብረትማ ምን አላት" አለ፤ እስኪነሳ ግን ሁለት ጊዜ አረፈ።

ተቆጣጣሪው ጫማውን በር ላይ ጠርጎ የሚገባ ትሁት ሰው ነው። ከእንዲህ ያለው ትሁት ይሰውራችሁ። ሽማግሌው ወናፉን ሲነፋ በስልኩ ቀረጸውና፣ "ይቅርታ አባት፣ አልያዘልኝም። ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ" አለው።

ደገመ። ሳሉ ተነሳበት፤ ምድጃው አጠገብ በጎኑ ወደቀ።

ልጁ ልትደርስለት ተነሳች።

"እህቴ" አለ ተቆጣጣሪው ስልኩን ሳያወርድ፣ ከልቡ አዝኖላት፤ "እሳቱ ከጠፋ እኔም የማደርገው የለኝም። ከዘሩ አንዱ ቢቀበል ግን ደንቡ ይፈቅዳል። እሳቸውን እኔ አያቸዋለሁ።"

ቤቱ ከሄደ እሱንስ የት አስተኛዋለሁ ብላ አሰበች። ወናፉን ያዘች።

"ውሃ" አለ አባቷ ከኋላዋ።

"መጣሁ አባዬ።"

"ውሃ።"

"መጣሁ አልኩህ እኮ" ብላ ተቆጣችው።

ከዚያ በኋላ አልጠራትም። ብረቱ ሲቀላ በጉጠት አውጥታ ቀጠቀጠችው፣ ቅርጹን አስያዘችው፣ ከዚያ ዞረች። ተቆጣጣሪው ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ አሁንም እየቀረጸ ነበር።

"በጣም ጥሩ ወጥቷል" አላት።

ለቅሶው የተቀመጠው በዚያው ቤት ነው። ዘመድ ሁሉ የአባቷን ጎጆ አዳነች እያለ መረቃት፤ እሷም አሜን አለች። ቪዲዮውን መሥሪያ ቤቱ ወዶት ለሌሎች ባለሙያዎች ማሰልጠኛ አድርጎታል። ድምፁን ብቻ አጥፍተውታል።