ድንጋዩ ላይ የተሰበረው ስለት

የሰፈሩ ሰው ጨምርበት ይለዋል። ጠጉር አስተካካይ ነው፤ በመቀሱ ጠጉር ያሳጥራል፣ በምላሱ ወሬ ያስረዝማል። ቀጭን ወሬ ሱቁ ከገባች ስትወጣ ወፍራ በሩ ይጠባታል።

ከወሬዎቹ ሁሉ የሰባው የአባቱ ምላጭ ወሬ ነበር። ምላጩ የቀንድ እጀታ ያለው፣ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍ አሮጌ ዕቃ ነው። ስለቱ ብቻውን ተስቦ ይወጣል፤ ሲያረጅ በሌላ ይተካል። የድሮዎቹ ስለቶች ወፍራም ስለነበሩ ድንጋይ ላይ እየተሳሉ ዓመታት ይሠሩ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ከፓኬት ወጥተው ጥቂት አገጭ እንደላጩ ቆሻሻ ቅርጫት የሚገቡ፣ እንደ ወረቀት የሳሱ ናቸው። ጨምርበት የሚሠራው በእነዚሁ ነው፤ ሲቀይር ግን ደንበኛ እንዳያየው ጀርባውን ይሰጣል። ከዚያ ዞር ብሎ ምላጩን ብርሃን ላይ ያብለጨልጨዋል።

«አባቴ የሳለው ስለት ነው፤ ሌላ ገብቶበት አያውቅም» ይላል። «አንዴ ዝንብ አረፈችበት። ስትነሳ ግማሿ ወደ መስኮቱ፣ ግማሿ ወደ በሩ በረረች። የበሯን ያዝኳት፤ የመስኮቷ ይኸው እስከ ዛሬ ጠፍታ ቀረች።»

«አንተ ሰው፣ ትናንት እኮ ንብ ነበረች!» ይለዋል ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው፣ ሥራ ሲፈታ ከማይለየው አግዳሚ ላይ ሆኖ።

«የትናንቷ ሌላ ናት። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ነው።»

ይሳቃል፣ ይላጫል፣ ማንም አይጎዳም። ጨምርበት እንደዚያ ነበር የሚያስበው።

ወሬው ግን እግር አውጥቶ ሩቅ ሄዶ ኖሯል። አንድ ረፋድ ላይ ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። አጎቱ ናቸው፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም። ሁለቱ ወንድማማቾች ይህችኑ ሱቅ አብረው ከፍተው፣ በማይረባ ነገር ተኳርፈው፣ አጎትየው ሌላ ከተማ እንደገቡ ቀሩ። ወንድማቸው ሲሞት እንኳ አልደረሱም።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት? ይግቡ እንጂ!»

«አንድ የመኪና ረዳት ነው የነገረኝ» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። «የወንድሜ ስለት ዛሬም ይላጫል አለኝ። እውነት ነው?»

ልብስ ሰፊው አግዳሚው ላይ ተመቻችቶ፣ ዓይኑ ከወዲሁ እየሳቀ፣ ይጠብቃል።

«እንዴታ ጋሼ! ይኸው አይደል!»

«ሌላ አልገባበትም?»

«ምን ሲደረግ!»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ወረዱ። «በሕይወት እያለ ዓይኑን ሳላይ ቀረሁ። እሱ የሳለው ስለት ፊቴን ይንካኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጨምርበት ጺማቸውን በመቀስ አሳጠረ፣ ብሩሹን በሳሙና አማሰለ፣ ፊታቸውን እስከ ጆሮአቸው ድረስ አረፋ አለበሰው። ምላጩን ሲያነሳ አጎትየው እጃቸውን ዘረጉና ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«ደክሟል፤ ከመሳል ብዛት ሳስቷል» አሉ። ጨርቁን ሲፈቱ ከውስጡ መሐሉ የጎደጎደ የመሳያ ድንጋይ ወጣ። «የሁለታችን ነበር። እኔ ስስል ‹እጅህ ከባድ ነው፣ ስለት ትገድላለህ› እያለ ይነጥቀኝ ነበር። አንዴ ብቻ ላሳርፈው፤ ቀስ ብዬ።»

እዚህ ላይ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «ይተዉት ጋሼ፣ ይሄ አይሳልም» ቢል ባለቀ። ግን ልብስ ሰፊው ያያል፤ ደግሞ ያቺ የተንኮል እከክ ጨምርበትን በላችው። የሚጣል ስለት ድንጋይ ላይ! የወር ቀለብ የሚሆን ወሬ እኮ ነው! ከሳቅን በኋላ እነግራቸዋለሁ አለ በልቡ፤ ሳቁን ለማፈን ጉንጩን ነከሰ።

ሽማግሌው ድንጋዩን ውኃ አጠጡት። ትንፋሻቸውን ያዙ። የሕፃን ጠጉር እንደሚያበጥር ሰው ሆነው ስለቱን ገፋ አደረጉት፤ ተጣመመ። ሊያቃኑት መለስ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

ጨምርበት ሊስቅ አፉን ሲከፍት የሽማግሌውን ፊት አየ።

«ገደልኩት» አሉ አጎትየው። አረፋው ላይ እንባ መንገድ አበጀ። «ይህን ሁሉ ዘመን አቆየው፣ እኔ መጥቼ ገደልኩት።»

«ኧረ ጋሼ፣ አይደለም! ውሸቴን ነው!» መሳቢያውን በርግዶ ፓኬቱን አወጣ። «ይዩ፣ ከዚህ ነው ያወጣሁት፣ ዛሬ ጠዋት! የአባባ ስለትማ ተስሎ ተስሎ ያለቀው እሱ ራሱ እያለ ነው። እያፏጨ ቅርጫት ውስጥ ወረወረው። ዞር ብሎም አላየው!»

እውነቱን ነበር። አጎትየው ግን ፓኬቱን ሳይሆን እሱን በርኅራኄ አዩት።

«ተው ልጄ። እኔን ለማጽናናት ብለህ አባትህን እንደዚያ አታድርገው።»

«አንተ፣ ንገራቸው እንጂ!» ብሎ ጨምርበት ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ።

ልብስ ሰፊው ተቁለጨለጨ። «ምን ልበላቸው? እኔ የማውቀው አንተ የነገርከኝን ነው። ሌላ አልገባበትም ብለህ የማልክልኝ አንተ።»

«አባቴ ይሙት ጋሼ፣ እውነቴን ነው!»

«አባትህማ ሞቷል» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ በኋላ የሚምልበት ጠፋው። እሳቸውም ሁለቱን ስባሪ በመሀረባቸው ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

«ይቅር በለኝ። እሱ የለም፣ በእሱ ቦታ ሆነህ ይቅር በለኝ።»

«ይቅር የምልዎት ምን አለና?»

ፊታቸው ይበልጥ ጠቆረ፤ እምቢ ያላቸው መሰላቸው። ጨምርበት ይህን ሲያይ መሬት መሬት እያየ፣ «ይቅር ብያለሁ» አለ፤ ድምፁ የሌባ ድምፅ ነበር።

«እግዜር ይስጥህ።» በአዲስ ስለት ልላጭዎት ቢላቸው እምቢ አሉ። አረፋውን በእጃቸው ጠራርገው፣ ድንጋዩን እዚያው ትተው ወጡ።

ከሄዱ በኋላ ነው ጆሮአቸው ሥር አረፋ እንደቀረ ትዝ ያለው። ፎጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያው ሮጠ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ደረሰ፤ አጎትየው መስኮቱ ጥግ ተቀምጠዋል፣ አረፋው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ጨምርበት ፎጣውን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። እሳቸው ግን ሊያጽናናቸው እንደገና የመጣ መስሏቸው፣ በመስታወቱ ውስጥ እጃቸውን አወዛወዙለት።

«ግባ ልጄ፣ በቃ። ግባ።»